ሰባት ድመት፣ አንድ ሳፋ

ጥያቄ፦ ደረጃ ሥር ያገኘኋትን አንዲት ድመት አስገብቼ ጀመርኩ፤ ዛሬ ሰባት ደርሰዋል፣ አራት ወንድና ሦስት ሴት። ቤቴ ምድር ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። ሁለቱን ወንዶች አስኮላሽቻለሁ፣ ሌሎቹን ገና። ሁሉም የሚጸዳዱት በረንዳ ላይ ባለች አንዲት አሸዋ የሞላች ሳፋ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ አንደኛዋ ፍራሼ ላይ መሽናት ጀመረች፣ አንዱ ወንድ ደግሞ መጋረጃውን ይረጨዋል። ጎረቤቶች ሽታው አስቸገረን ብለው ለኮሚቴው ነግረውብኛል። እኔ ጿሚ ነኝ፤ ሁዳዴን ሙሉ ሥጋ ስለማልገዛ እንጀራ በሽሮ ስሰጣቸው ሁለቱ ከሱብኝ። ልጄ ነፍሰ ጡር ናት፣ እኔ ጋ መጥታ ልትታረስ ነው፤ ዘመድ ሁሉ «ድመቶቹን አውጪ» ይለኛል። ይህ ሳያንስ ስምንተኛዋ ደረጃው ሥር መጮህ ከጀመረች ሳምንት ሆናት። ምን ላድርግ?
የሰባቱ እናት፣ ከጎፋ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ መጀመሪያ የፍራሹንና የመጋረጃውን ነገር እንለያቸው፤ አንድ ችግር አይደሉም።

መጋረጃውን የሚረጨው ወንድ ሲሠራው አይተውት ይሆናል፦ ቆሞ፣ ጀርባውን ለመጋረጃው ሰጥቶ፣ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ጫፉን እያንቀጠቀጠ፣ ጥቂት ሽንት ወደ ኋላ ይለቃል። ይህ «እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ» ማለት ነው እንጂ ፊኛው ሞልቶበት አይደለም። ካልተኮላሹት ከሁለቱ አንዱ ከሆነ መፍትሔው ማኮላሸት ነው፤ አብዛኞቹ ይተዉታል ወይም እጅግ ይቀንሳሉ። በማግስቱ ግን አይጠብቁ፤ ሆርሞኑ ከደሙ እስኪወጣ ሳምንታት ይፈጃል። በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ሴት ማስረገዝም ይችላል፣ ይህንን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ፍራሹ ላይ የምትሸናው ደግሞ ቁጢጥ ብላ ፊኛዋን ሙሉ በሙሉ ታራግፋለች። ድመት ይህን የምታደርገው ስትሸና ስለሚያማት ወይም ሳፋውን ስለጠላችው ነው። ሽንቷ ቀላ ካለ፣ በቀን ብዙ ጊዜ ጥቂት ጥቂት ከሸናች፣ ወይም ሰውነቷን ከታች ደጋግማ ከላሰች ወደ ሐኪም ይውሰዷት፤ ያለዚያ ሳፋ ብትቀይሩላትም አይሻላትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እንንገርዎ። ከወንዶቹ አንዱ ሳፋው ላይ ደጋግሞ ቁጢጥ እያለ ካማጠ፣ ከጮኸና የሚወጣው ጠብታ ብቻ ከሆነ ወይም ምንም ካልወጣ፣ የሽንት ቧንቧው ተደፍኗል። የወንድ ድመት ቧንቧ ቀጭን ነው፤ ደቃቅ ክሪስታልና ንፍጥ ተጋግሮ ይዘጋዋል። ሽንቱ ወደ ኩላሊት ይመለሳል፣ በደሙ ውስጥ ፖታሲየም ይጠራቀማል፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ልቡ ይቆማል። ቤት ውስጥ የሚፈጸመው የተለመደ ስሕተት «ሆድ ድርቀት ነው» ብሎ ዘይት መጋት ነው። ዘይት አይጋቱት፣ ሆዱንም አይጫኑት፤ በዚያው ሰዓት ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይዘውት ይሂዱ። ይህ ለነገ የማይባል ነው።

አሁን ወደ ሳፋው እንምጣ፤ የሽታውም፣ የፍራሹም፣ የጎረቤቱም ነገር በብዛት የሚፈታው እዚህ ነው። የእንስሳት ሐኪሞች የሚመክሩት በድመቶቹ ቁጥር ላይ አንድ ሳፋ ጨምሮ መዘርጋት ነው፤ ለእርስዎ ስምንት ማለት ነው። ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ስምንት ሳፋ ዘርግቶ ሰው የት ሊራመድ ነው? አምስት ይበቃዎታል እንላለን፣ ጠዋትና ማታ ያለማቋረጥ የሚጠረጉ ከሆነ። በቀን አንዴ ብቻ የሚጠርጉ ከሆነ ግን ስምንቱም አይበቁም።

አምስቱን አንድ ቦታ አይደርድሯቸው። ጎን ለጎን ያሉ ሦስት ሳፋዎች ለድመት አንድ ሳፋ ናቸው። ሁለት በረንዳ ላይ፣ አንድ መታጠቢያ ቤት፣ አንድ ሳሎን ጥግ፣ አንድ ኋለኛው መኝታ ቤት ያድርጉ፤ ከምግብ ሳሕናቸው ራቅ ይበሉ። ምክንያቱን ማየት ከፈለጉ አንድ ምሽት የበረንዳውን በር ይመልከቱ። ሁልጊዜ ደፉ ላይ የሚጋደም አንድ ጉልቤ ይኖራል፤ አይጣላም፣ አይነክስም፣ ዝም ብሎ መንገዱ ላይ ተኝቶ ያያል። ፈሪዋ ድመት በእሱ ላይ ተራምዳ ከመሄድ ፍራሽዎን ትመርጣለች። ፍራሹ ለስላሳ ነው፣ ሽንቱን ይመጥጣል፣ መውጫውም ከሁለት በኩል ክፍት ነው።

ሳፋው ልብስ የሚታጠብበት ዓይነት ሰፊ ይሁን፤ ርዝመቱ ከ55 ሳንቲ ሜትር አይነስ፣ ጠርዙ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል አሸዋው አይበተንም። ያረጀች ወይም እግሯን የምታነክስ ካለች የአንዱን ሳፋ ጠርዝ በአንድ በኩል ወደ 7 ሳንቲ ሜትር ቆርጠው ዝቅ ያድርጉላት፣ የተቆረጠውን ስለታም ጠርዝ በፕላስተር ይሸፍኑ።

አሸዋ ክፋት የለውም፣ አንድ ጉድለት ግን አለበት፦ አይረጋም። ሽንቱ በአሸዋው መካከል አልፎ ከሥር ይተኛል፤ እርስዎ ከላይ ሰገራውን አንስተው «ጠረግኩ» ሲሉ ጎረቤት የሚሸተው ከሥር የተቀመጠው ነው። ስለዚህ ሳፋው ግርጌ አምስት ስድስት የጋዜጣ ወረቀት ያንጥፉ፣ ከላዩ 5 ወይም 6 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ደቃቅ አሸዋ ያድርጉ፣ በየአራት ቀኑ ሁሉንም ደፍተው ሳፋውን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥበው ፀሐይ ላይ ያድርቁት። አንድ ትርፍ ሳፋ ካለ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይሠራል።

አሸዋው ከከበደዎት (አንዱ ሳፋ ብቻ ወደ 20 ኪሎ ይፈጃል) ሰጋቱራ ይሞክሩ፤ ሽንቱን ይመጥጣል፣ ሽታ ይቀንሳል፣ ርካሽ ነው። ከአናጢ ቤት ሲወስዱ ግን የምን እንጨት እንደሆነ ይጠይቁ። ከቺፑድና ከኤምዲኤፍ የወጣው ሙጫ አለበት፣ ቀለም ወይም የምስጥ መድኃኒት የነካውም አይሆንም። ዱቄት የመሰለውን በወንፊት አራግፈው ያውጡት፤ ያስነጥሳቸዋል፣ ዓይናቸውንም ያስለቅሳል። ከአሸዋ ወደ ሰጋቱራ በአንድ ቀን አይቀይሩ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሩቡን፣ በሁለተኛው ግማሹን እያሉ ያለማምዷቸው። ለመጥረጊያ ለዚሁ ብቻ የተለየ ቀዳዳ ያለው ጭልፋ ይበቃል። የወጣውን በሁለት ፌስታል ቋጥረው ይጣሉ እንጂ ሽንት ቤት ውስጥ አይድፉት፤ አሸዋም ሰጋቱራም የፎቁን ሁሉ ቱቦ ይደፍናል፣ ያን ጊዜ ኮሚቴው በእውነት ይመጣል።

ስለ ማጽጃ ሁለት ክልከላ አለን። ዴቶልና እሱን የመሰለ ውሃ ላይ ነጭ የሚሆን ፀረ ጀርም ድመት ባለበት ቤት አይግባ፤ ፌኖል የተባለ ኬሚካል አለው፣ የድመት ጉበት ደግሞ ፌኖልን ማስወገድ አይችልም፤ መዳፏ ላይ የነካትን ልሳ ትታመማለች። በረኪናን ደግሞ ሽንት ላይ በቀጥታ አያፍስሱ። ሽንት ውስጥ ያለው አሞኒያ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ጉሮሮ የሚያፍን ጋዝ ይወጣል፤ መጀመሪያ በውሃና በሳሙና አጥበው ካለቀለቁ በኋላ ነው በረኪና የሚነካው።

ፍራሹን በጨርቅ ጫን ጫን እያሉ አድርቁት፣ አይሹት። በቀዝቃዛ ውሃ አርሰው እንደገና ያድርቁ፤ ከዚያ አቼቶና ውሃ እኩል ለእኩል ቀላቅለው አርከፍክፈው ፀሐይ ላይ ያውጡት። መለያው ላይ «ኢንዛይም» የሚል የልብስ ሳሙና ካገኙ ከአቼቶው ይሻላል፤ ሽታውን ከመሸፈን ይልቅ ይፈጨዋል። የት የት እንደሸናች ካላወቁ ሐሰተኛ ብር የሚለዩበትን አልትራቫዮሌት መብራት ተውሰው ማታ መብራት አጥፍተው ይዙሩ፤ የደረቀ ሽንት ቢጫማ ሆኖ ያበራል። ከዚያ በኋላ ፍራሹን ላስቲክ ያልብሱት፣ መኝታ ቤቱንም ለሦስት ሳምንት ይዝጉት። ሽታው ከውስጥ እስካለ ድረስ ትመለስበታለች።

ወደ ማምከኑ እንለፍ። ደብዳቤዎ ላይ ስለ ግልገል አንድም ቃል የለም፤ ይህ ነገር አሳስቦናል። ሁለት ያልተኮላሹ ወንዶችና ሴቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ካሉ ወይ ሴቶቹ ገና ልጆች ናቸው፣ ወይ አንዷ አሁኑኑ ይዛለች። ሴት ድመት በአራት ወሯ ልታረግዝ ትችላለች፤ እርግዝናው ከ63 እስከ 65 ቀን ነው፤ እያጠባችም ደግማ ታረግዛለች። ሆዷን ገልበው ጡቶቿን ይመልከቱ፤ እርግዝናው ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ፈካ ያለ ሮዝ ሆነው ጎላ ጎላ ይላሉ።

ገንዘቡ ለሁሉም በአንዴ ከበቃ በአንድ ቀን ያሠሯቸው፤ ካልበቃ ሁለቱ ወንዶች ይቅደሙ። የወንዱ ቀዶ ሕክምና ሆድ አይከፍትም፣ አጭር ነው፣ ዋጋውም ይቀንሳል፤ መጋረጃውም ያርፋል። ሴቶቹን እስኪያሠሩ ድረስ በረንዳውን በሽቦ ወንፊት ይዝጉ፤ ምድር ላይ ያለ ቤት ለመንደሩ አውራ ድመት ሁሉ ክፍት በር ነው። ብዙ ድመት ስላለዎት ክሊኒኩን የቅናሽ ዋጋ ይጠይቁ፣ ማፈር የለበትም። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም የማስተማሪያ ሆስፒታል ስላለው ደውሎ መጠየቅ አይከፋም።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረው ሌሊት ለአዋቂዎቹ ምግብ ያንሱ፣ ውሃ እስከ ጠዋት ይኑር። ከአራት ወር በታች ያለች ግልገል ግን ሌሊቱን ሙሉ አትራብ፤ ስኳሯ ወርዶ ትዝለፈለፋለች፤ ሐኪሙ የሚነግርዎትን ጥቂት ሰዓት ብቻ ይጠብቁ። በማዳበሪያ ከረጢት አይውሰዷቸው፤ አፍ ለአፍ የታሰሩ ሁለት የፕላስቲክ ቅርጫቶች ይበቃሉ፣ ውስጡ ፎጣ፣ ላዩ ነጠላ። ከተመለሱ በኋላ ሳፋው ውስጥ ለአንድ ሳምንት አሸዋም ሰጋቱራም አይኑር፤ የተቀደደ ጋዜጣ ያድርጉ፣ ቁስሉ ላይ አይጣበቅም። ሴቷ ስፌቱን እንዳትልስ ከአሮጌ የትልቅ ሰው ሹራብ እጅጌ ላይ አራት ቀዳዳ ቀደው ያልብሷት፤ ከ10 እስከ 14 ቀን ይቆያል። አመማት ብለው ፓራሲታሞል እንዳይሰጧት፦ ግማሽ ፍሬ አንዲትን ድመት ሊገድል ይችላል። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም እንደዚያው ናቸው።

አሁን ስለ ሽሮው። «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» ይባላል፤ ሰው ሲያሾፍባት ነው፣ ነገሩ ግን የዐመል አይደለም፣ የሰውነት ነው። ድመት ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ራሷ በበቂ አትሠራም፤ ከሥጋ፣ ከዓሣና ከመሳሰለው ብቻ ታገኘዋለች። ሲጎድላት መጀመሪያ የማይታይ፣ በኋላ የማይመለስ ጉዳት ዓይኗና ልቧ ላይ ይደርሳል። ሽሮው ውስጥ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነገር አለ፦ ሽንኩርት። ቀዩም ነጩም፣ ጥሬውም የበሰለውም፣ ዱቄቱም ጭምር የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። አንድ ጉርሻ አይገድላትም፤ ለ55 ቀን በየቀኑ ግን ይጠራቀማል። ከሱብኝ ያሏቸውን ሁለቱን ከንፈራቸውን ገለጥ አድርገው ድዳቸውን ይዩ። የጤነኛ ድድ ሮዝ ነው፣ በጣት ጫን ብለው ሲለቁት ወዲያው ቀለሙ ይመለሳል። ነጣ ካለ ወይም ወደ ቢጫ ከሄደ፣ ወይም ሽንታቸው እንደ ቡና ከጠቆረ ሐኪም ጋ ይውሰዷቸው። እንጀራውን በወጥ ማሻሸቱ ከእንግዲህ ለፋሲካም ቢሆን ይቅር፤ የዶሮ ወጥ ማለት እኮ በብዛት ሽንኩርት ነው።

ለሚመጣው ሁዳዴ ቀላሉ መንገድ ከጾሙ በፊት ደረቅ የድመት ምግብ መግዛት ነው። 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን ከ50 እስከ 60 ግራም ትበላለች፤ ለሰባቱ በቀን ከ350 እስከ 420 ግራም፣ ለ55 ቀኑ ከ19 እስከ 23 ኪሎ ይሆናል። በአፍ ክፍት ከረጢት አያስቀምጡት፤ ቅባቱ ይበላሻል፣ አይጥም ይጠራል። ክዳን ያለው ባልዲ ይበቃል። የውሻ ምግብ ርካሽ ስለሆነ አይተኩበት፤ ለውሻ የሚሠራው ለድመት የሚበቃ ታውሪን ላይኖረው ይችላል።

ሥጋ በጾም መግዛቱ ከእርስዎ ጾም ጋር ስላለው ነገር የነፍስ አባትዎን ይጠይቁ፤ የእኛ ድርሻ የድመቷን ሆድ መናገር ነው። ልኳንዳው ቢዘጋም እንቁላልና ዓሣ አለ። አንድ የተቀቀለ እንቁላል የአንዲት ድመት የቀን ፍላጎት ሲሶ ገደማ ነው። ዓሣ ሲሰጡ ቀቅለው አጥንቱን ይልቀሙ፤ ብዙ ጥሬ ዓሣ ቫይታሚን ቢ 1ን የሚሰብር ነገር አለው፣ ድመቷ አንገቷን ደፍታ እስከ መንቀጥቀጥ ትደርሳለች።

ከጾም ውጭ ቤት ውስጥ የሚያበስሉ ከሆነ ለአንድ ኪሎ እንዲህ ያድርጉት፦ ወደ 700 ግራም ቀይ ሥጋ ወይም አጥንት የሌለው ዶሮ፣ 200 ግራም ልብ፣ 50 ግራም ጉበት፣ አንድ እንቁላል። በጥቂት ውሃ ለአጭር ጊዜ ይቀቅሉ፣ ውሃውን አይድፉ፤ ታውሪኑ ወደ መረቁ ይወጣልና ከነመረቁ ይስጧቸው። ሥጋ ብቻውን ካልሲየም የለውም፤ የታጠበና በምጣድ የደረቀ የእንቁላል ቅርፊት ዱቄት እስኪሆን ወቅጠው በዚህ አንድ ኪሎ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ይጨምሩ። ጨው፣ በርበሬ፣ ሽንኩርት የለም። ለአንዲት ድመት በቀን ከ150 እስከ 180 ግራም ይደርሳታል። ይህ ብቻውን ለዓመታት የሚበቃ የተሟላ ምግብ አይደለም፤ ቢያንስ ግማሹ ደረቅ የድመት ምግብ ይሁን።

ከልኳንዳ በርካሽ የሚገዛው ሳንባ ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም፤ ጣል ያድርጉበት እንጂ መሠረቱ አያድርጉት። ጉበት በየቀኑ የምትበላ ድመት ደግሞ ቫይታሚን ኤ ተከማችቶባት የአንገቷ አጥንት እየተጋጠመ ይደርቃል፣ አንገቷን ማዞር ያቅታታል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ ይወጋል። ወተት ለአዋቂ ድመት በብዛት ተቅማጥ ነው። ሰባቱም የየራሳቸው ሳሕን ይኑራቸው፣ ተራራቀው ይብሉ፤ አንድ ትሪ ላይ ሲበሉ ጉልቤው ይወፍራል፣ ፈሪዋ ትከሳለች፣ እርስዎም «ሁሉም በልተዋል» ይላሉ። ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ያልበላችን አይጠብቋት፤ በተለይ ወፍራም ከነበረች ጉበቷ በስብ ይሞላል።

ስለ ልጅዎ። ዘመዶችዎ የሚፈሩት ቶክሶፕላዝማ የተባለውን ጥገኛ ተሕዋስ ነው፣ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም፤ በእርግዝና ጊዜ አዲስ የያዛት ሴት ፅንሱን ሊጎዳው ይችላል። ግን ከድመቷ ጋር የሚያያዘው እንዴት ነው? ድመቷ ጥገኛውን ጥሬ ሥጋ ወይም አይጥ በልታ ትወስዳለች፤ በሰገራዋ የምታስወጣው በአብዛኛው በሕይወቷ አንዴ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ለሚሆን ጊዜ ነው። የወጣው እንቁላል መሰል ነገር ወዲያው አያስይዝም፤ ለማስያዝ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ውጭ መቆየት አለበት። ስለዚህ በቀን ሁለቴ የሚጠረግ ሳፋ ራሱ መከላከያ ነው፤ ሳምንት ሙሉ ሳይነካ የሚቆይ ሳፋ ግን አደጋ ነው። ልጅዎ ሳፋ አትንካ፣ ይህ የእርስዎ ሥራ ይሁን፤ በጓንት፣ ከዚያ በሳሙና እጅ መታጠብ። ድመቶቹ የበሰለ ብቻ ይብሉ፣ አይጥም አያድኑ። ድመት ማቀፍና መዳሰስ ግን መንገዱ አይደለም።

ዘመዶችዎ ያልነገሯት ነገር አለ፦ ጥሬ ሥጋ፣ ክትፎ፣ ለብለብ፣ በደንብ ያልታጠበ ሰላጣ። በአገራችን ገበታ ላይ ቶክሶፕላዝማ ወደ ሰው የሚገባበት ሰፊው በር ይህ ነው። ድመቶቹን አስወጥቶ ክትፎ ማጉረስ የተገላቢጦሽ ነው። ለእርግዝና ክትትል ስትሄድ ቤቱ ውስጥ ድመት እንዳለ ትንገራቸው፣ ምርመራ ያዝዙላት ይሆናል። ሕፃኑ ሲመጣ አልጋው በአጎበር ይሸፈን፣ ሕፃኑ የሚተኛበት ክፍል ለድመት ዝግ ይሁን።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ነገር አለ፣ ደብዳቤዎም አላነሳውም፦ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት። ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትንም ይይዛል፣ ድመትም ለሰው ታስተላልፋለች። ሦስት ወር የሞላቸው ሁሉ ይከተቡ፣ ካርዳቸው ይቀመጥ። ያልተከተበች ድመት ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ፤ አዲስ አበባ ላይ ሰው ሁሉ «ፓስተር» የሚለው ይታወቃል። ድመቷን አይግደሏት፣ አይልቀቋትም፤ ለ10 ቀን ዘግቶ ማየት ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው።

ስለ ቁንጫና ትል ባጭሩ፦ ለውሻ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒት ላይ «ፐርሜትሪን» ካለ ለድመት መርዝ ነው፤ የቤት ተባይ ዱቄትም እንደዚያው። ሰገራ ላይ ወይም ጅራት ሥር የደረቀ ሩዝ የመሰለ ነገር ካዩ ኮሶ ነው፣ ከቁንጫ የሚመጣ ነው፤ ቁንጫው ካልጠፋ ትሉ ይመለሳል። መድኃኒት የሚሰጠው በክብደት ነውና ድመቷን አቅፈው ሚዛን ላይ ይውጡ፣ ከዚያ ብቻዎን ይመዘኑ፣ ልዩነቱን ለሐኪሙ ይንገሩ።

ስምንተኛዋን አሁን አያስገቡ። የፍቅር ማነስ አይደለም፤ ሦስት ሴቶች ሳይመክኑ፣ አምስት ሳፋ ሳይዘረጋ፣ አራስ ሊገባ ባለበት ቤት አዲስ ድመት ማስገባት ሰባቱን መበደል ነው። ያልተከተበች የመንገድ ድመት ፓንሊውኮፔኒያ የተባለውን ቫይረስ ይዛ ልትገባ ትችላለች፤ ግልገሎችን በቀናት ይጨርሳል፣ ቤት ውስጥም እስከ ዓመት ይቆያል። አንድ ቀን የምትገባ ከሆነ 14 ቀን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ለብቻዋ፣ የራሷ ሳሕንና የራሷ ሳፋ ይኑራት፣ ከእሷ ሲወጡ እጅ ይታጠቡ። ስትወጣ ወለሉ ታጥቦ ከተለቀለቀ በኋላ አንድ የቡና ሲኒ በረኪና በሁለት ሊትር ውሃ በጥብጠው ያርከፍክፉበት፣ 10 ደቂቃ ይቆይ፣ እንደገና ይለቅለቅ። ከሰባቱ ጋር የምትተዋወቀው መጀመሪያ በማሽተት ነው፦ የተኛችበትን ጨርቅ እነሱ ጋ፣ የእነሱን እሷ ጋ ያድርጉ፤ ከዚያ በሩ ተዘግቶ በዚህና በዚያ ወገን ይብሉ፤ መተያየቱ የመጨረሻው ነው።

እስከዚያ ውጭ ይመግቧት። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከጎረቤት በር ርቆ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይተው ሳሕኑን ያንሱ፤ ተርፎ የሚያድር ምግብ አይጥና ወቀሳ ይሰበስባል። ስትለምድዎት አስመክነውና አስከትበው ወደ ቦታዋ መመለስ ይችላሉ፤ ደረጃው ሥር ጆንያ የተነጠፈበት ካርቶን ካላት ከብዙ ድመት ትሻላለች።

ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ ማታ ምግብ ሲያቀርቡላት ጎንበስ ብለው ሆዷን ይመልከቱ። ጡቶቿ ዙሪያ ፀጉሩ ረግፎ ክብ ክብ ሆኖ ከታየ፣ ጫፋቸውም ወጥቶ ከሆነ እያጠባች ነው፤ የምትጮኸውም ልጆቿን እየጠራች ይሆናል። ያን ጊዜ በር ዘግተው ካስገቧት እነሱ የሆነ ጉድጓድ ውስጥ በረሃብ ያልቃሉ። በልታ ስትጨርስ ራቅ ብለው ይከተሏትና የት እንደምትገባ ይዩ።